ተራራ መግጠም፦ በወሎ ከወጣቶች ጋር ግጥም ለምትሠሩ

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ላሊበላም ሆነ ከሚሴ፣ ወጣቶችን ሰብስባችሁ «ስለ ተራራችሁ ግጠሙ» ብትሏቸው መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ይህን ይመስላል፦

የወሎ ተራራ ውብ ነው ግርማ ሞገስ፣
ሁልጊዜ ሳስበው ልቤን ይለዋል ደስ።

ልኩ አልጎደለም፤ በየስንኙ 6 እና 6 ቀለም (ሲነበብ አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፍል) አለ። ቤቱም (የስንኞቹ መድረሻ ድምፅ) በ«ስ» መትቷል። ግን «የወሎ» የሚለውን አንስታችሁ «የባሌ» ብትተኩበት ግጥሙ ምንም አይሰማውም። ልጁ በየቀኑ የሚወጣው ዳገት፣ እናቱ ውኃ የምትቀዳበት ምንጭ፣ አያቱ ስለ ገደሉ የሚያወሩት ወሬ አንዱም አልገባበትም። ተራራው የታየው ከመኪና መስኮት ነው።

ወጣት ስሜት አያጣም። የሚያጣው ስም፣ ጆሮና ልክ ነው። አብዛኛው የግጥም ሥልጠና ግን «ስሜታችሁን አውጡ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። በእኔ እምነት ስሜቱ መጨረሻ ላይ ሳይጠሩት ይመጣል።

መነሻ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ መቅደላ ላይ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በአምባው ላይ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የተባለውን ይህን የቃል ግጥም የማያውቅ የለም፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ልጆቹ በቃላቸው ይወጡታል፤ አሠራሩን ግን አላዩትም። በወረቀት አስጽፏቸውና «ተራራ የሚለው የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም። ያለው የቦታው ስም፣ አፋፉና ጩኸቱ ነው። ተናጋሪው ከታች ሆኖ የሚሰማ እንጂ የሚያይ አይመስልም፤ ማን እንደሞተ በስም አይናገርም፤ ከፍታውን ሁሉ የተሸከመው «አፋፉ ላይ» ነው።

ቀጥሎ በጭብጨባ ይቆጠር። እዚህ ላይ ነው ብዙ አሠልጣኞች የሚሳሳቱት፤ ፊደል ያስቆጥራሉ። የሚቆጠረው ቀለም ነው። «አምባሰል» በፊደል 5፣ በቀለም 3 ነው፦ አም-ባ-ሰል። «ቦርከና»ም በፊደል 4፣ በቀለም 3 ነው፦ ቦር-ከ-ና። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ይዋጣል፤ ይህን የሚለየው ዓይን ሳይሆን አፍ ነው። «መቅደላ አፋፉ ላይ» በወረቀት የረዘመ ቢመስልም ሲወጣ መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ ሆኖ 6 ላይ ይቆማል፤ «ላ»ና «አ» አንድ ይሆናሉ። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ደግሞ ቃል በቃል ብትቆጥሩት ያጥራል፤ ሲገጥም ግን ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ ይሆንና ይሞላል። ይህን አንድ ስንኝ በትክክል ያጨበጨበ ልጅ ከዚያ በኋላ ስለ ልክ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ለጀማሪ ሦስት ልኮች ይበቃሉ። የወል ቤት 6 እና 6፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5፣ ቡሄ በሉ 4 እና 4። በወል ቤት ይጀመር፤ ሰፊ ስለሆነ ነገር ይይዛል፣ ለትካዜም ለወሬም ይመቻል። ቡሄ በሉን ልጆቹ ከነሐሴ 13 የሆያ ሆዬ ጭፈራ ያውቁታል፤ ፈጣን ስለሆነ ለቀልድና ለውዳሴ እንጂ ቆም ብሎ ለማሰብ አይሆንም።

አሁን ወደ ስሙ። ከስብሰባው 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብሎ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ የሚያያቸውን 10 ቦታዎች ስም ይዞ እንዲመጣ ይነገረው። ወረቀቱ 5 ዓምድ ይኑረው፦ ስሙ፤ ምንነቱ (ምንጭ፣ ገደል፣ በር፣ ሸንተረር፣ ማሳ፣ ዋሻ፣ መቃብር)፤ የነገረኝ ሰው፤ የሚሠራበት፤ የተለወጠው። የከተማ ልጅ 3 ስም ጽፎ ይቆማል። ይህ አያሳፍርም፤ ቀሪውን 7 ለማግኘት አያቱን ወይም ጎረቤቱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታልና የሥራው ፍሬ እዚያ ነው። የደሴ ልጅ የጦሳን ተራራ በምዕራብ፣ አዝዋ ገደልን በምሥራቅ ይጠራል፤ በመካከል ያሉትን ጉብታዎችና ጅረቶች ግን ሽማግሌ ካልጠየቀ አያገኝም። «የተለወጠው» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ወረቀቱን መልሱለት። የደረቀ ምንጭ፣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ የግጦሽ መስክ፣ ከዓረብ አገር በመጣ ገንዘብ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት፤ የዛሬ ወጣት ግጥም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚህ ዓምድ ነው።

ተራራ ሁሉ አንድ አይደለምና ስሙ ሲሰበሰብ ዓይነቱም ይለይ። ግሸን በመስቀል ቅርጽ የሚታወቅ አምባ ነው፤ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታት ልጆች በግዞት የሚቆዩበት ነበር፣ ዛሬ መስከረም 21 ምእመን የሚያጥለቀልቀው የግሸን ማርያም ደብር ነው። ስለ ግሸን የሚገጥም ሰው ሁለት ዓይነት መውጣት አለበት፤ ተገዶ የወጣና ተስሎ የወጣ። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ነገሩ ጅብራ፣ አስታ፣ ጓሳ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ነው፤ ሰው ያንሳል። የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ተነሥቶ ወደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ሲያወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከነጠላ ወደ ጋቢ ያሻግራል። ሾንኬ ላይ ተራራው ራሱ መንደር ነው፤ የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች ኮረብታው ላይ ተደራርበዋል። «ተራራዬ» ከማለት በፊት የትኛው እንደሆነ ይታወቅ።

ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እማማ፣ ግጥም ይንገሩን» ቢሏቸው «ምን ግጥም አውቃለሁ ልጄ» ብለው ይዘጉታል። እውነታቸውን ነው፤ ግጥሙ ለብቻው ተቀምጦ አያውቅም፣ ከሥራ ጋር ነው ያለው። ሲፈትሉ፣ ሲፈጩ፣ ቡና ሲቆሉ፣ እረኛው ከብት ሲመልስ፣ በደቦ ሲታጨድ አጠገባቸው ተቀምጦ ማገዝ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቦታ ነው፤ «ያ ገደል ለምን እንዲህ ተባለ?» ሲባሉ ታሪኩን ይጀምራሉ፣ በታሪኩ መሐል ሁለት ስንኝ ጣል ያደርጋሉ። ያኔ አታቋርጧቸው፤ መጨረሻ ላይ «እስቲ ያቺን ይድገሙልኝ» ማለት ይቻላል።

የማይጠየቅም አለ። ሙሾን ያለ ለቅሶ አውርዱልን ማለት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ስለ ሙሾ ማውራት እንጂ ማስወረድ አይገባም። መንዙማ ደግሞ ዘፈን አይደለም። ሐድራ (መንዙማ የሚባልበት ጉባኤ) ላይ ሸኹን አስፈቅዶ፣ ስልክ ሳይዘረጉ፣ አውጪውና ተቀባዩ በድቤው እንዴት እንደሚቀባበሉ ማዳመጥ ለገጣሚ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አዝማች የት እንደሚመለስ፣ ስንኝ የት እንደሚሰበር ከዚያ ይታያል። ዳናና ጀማ ንጉሥ የተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የወሎ ሊቃውንት የአማርኛ መንዙማቸውን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ስለነበር በአንዳንድ ቤት አሮጌ ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል፤ ከተፈቀደ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ባለቤቱ ራሱ ገጹን እየገለጠ ይነሣ። ወስዶ ማንበብ፣ «እመልሳለሁ» ማለት አይታሰብም።

በቤተ ክህነት በኩል ዋድላ አለ፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ ቤት። ቅኔው በግእዝ ስለሆነ ወጣቶቹ እንዲቀኙ አይጠበቅም። ነገር ግን አንድ የቅኔ ተማሪ ጋብዞ ጉባኤ ቃና የተባለውን፣ በሁለት ስንኝ የሚያልቀውን ቅኔ ሰሙን ለብቻ፣ ወርቁን ለብቻ እንዲፈታላቸው ማድረግ አንድ ሙሉ ከሰዓት ያስተምራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰምና ወርቅ ሊሠራ ይነሣል፤ ግጥሙ እንቆቅልሽ ይሆናል። ሰሙ ብቻውን ሲነበብ ትርጉም ካልሰጠ ይሰረዝ።

ስለ ቀረጻ በአጭሩ። ስልኩ በረራ ሁኔታ ላይ ይሁን፤ ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልክ ቀረጻውን ያቋርጣል። 10 ሴኮንድ ቀርጾ መልሶ መስማት፣ ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ማስቀመጥ፣ አፋፍ ላይ ከሆነ ነፋሱን ለመከላከል ማይኩን በስስ ጨርቅ መሸፈን። የፋይሉ ስም ቦታውና ቀኑ ይሁን፤ አለዚያ ከወር በኋላ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ሲገለበጥ የአዛውንቷን አነጋገር ወደ ሬዲዮ አማርኛ «ማስተካከል» ክልክል ነው፤ ቤቱም ልኩም የተሠራው በራሳቸው አነጋገር ነውና ቃል ሲለወጥ ሁለቱም ይፈርሳሉ።

ከዚያ ጉዞው። ከ12 እስከ 15 ወጣት፣ 2 አስተባባሪ፣ 1 የአካባቢው ሰው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሽርሽር ይሆናል። ለቦታው ከቀበሌና ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ ፈቃድ ይያዝ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢሆን ይሻላል፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩ አልደረቀም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ስለሆነ የገጠሩን ልጅ ታጡታላችሁ፤ የቀሩት የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናሉ፣ ግጥሙም በዚያው ይበላሻል። የመስከረም 21 ሳምንት ወደ ግሸን ለመስማት ካልሆነ ለመጻፍ አይሆንም፤ መቀመጫ እንኳ አይገኝም። ሐይቅ እስጢፋኖስን ያሰቡም ይኖራሉ፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ግማሹን ቡድን ከውጭ የሚያስቀር ፕሮግራም ከመጀመሪያው ባይያዝ ጥሩ ነው። የሐይቁ ዳር ለሁሉም ይበቃል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሣት፣ 3 ሰዓት ላይ አፋፍ መድረስ። ከሰዓት ደመና ይወርዳል። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ። እስክሪብቶ በብርድ ይቆማል፣ ቀለሙም በጤዛ ይፈስሳል፤ እርሳስ ይያዝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የጀመረው ሰው እንዲታገሥ አይመከርም፣ ከሰው ጋር ወደ ታች ይመለስ። አቡነ ዮሴፍን ለጀማሪ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማሰብ ለግጥሙም ለልጆቹም አይበጅም። ለጭላዳ ምግብ አይሰጥ።

በመንገዱ ሦስት ማረፊያ ይኑር፦ ግርጌው፣ ወገቡ፣ አፋፉ። በእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ዝምታ። የሚጻፈው 5 የነገር ስም፣ 3 ግሥና 1 ድምፅ ብቻ ነው። ቅጽል አይፈቀድም፤ «ውብ»፣ «ግርማ»፣ «ማራኪ» የጻፈ ይሰርዝ። ልጆቹ መጀመሪያ ይናደዳሉ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ግን ወረቀቱ ሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ግርጌው ላይ የመኪና ጥሩምባ የጻፈው ልጅ ወገቡ ላይ መጥረቢያ፣ አፋፉ ላይ የራሱን ትንፋሽ ይጽፋል።

ጽሕፈቱ በማግሥቱ፣ ቤት ውስጥ ይሁን። አንድ ማስታወሻ ወስደን እንሥራ፦ «ጉም፤ ጦሳ፤ እናቴ ስጥ ስታነሣ።» የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ይወጣል፦

ጦሳ ጉም ሲያጠልቅ እናቴ ታያለች፣
ሳትል ዝናብ መጣ ስጧን ታነሳለች።

ነገሩ ገብቷል። ተራራውን የምታነበው እናት መጥታለች። ችግሩ ቤቱ ነው፤ ሁለቱም በ«ለች» ያልቃሉ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ ዓይነት ቤት በነጻ ይገኛል፤ በነጻ ስለሚገኝም ጆሮ ቶሎ ይሰለቸዋል። 12 ስንኝ በ«ለች» እና በ«ነበረ» የሚመታ ግጥም በየመድረኩ ሞልቷል። መፍትሔው የቃሉን ቦታ ማዛወር፣ አንዱን ስንኝ በስም መጨረስ ነው፦

ጦሳ ጉም ሲያጠልቅ፣ ሳትናገር እማ፣
ስጧን ሰበሰበች ነጎድጓድ ሳትሰማ።

6 እና 6 አልተነካም። «እማ» እና «ሳትሰማ» ከተለያየ ቦታ መጥተው ተገናኙ። «ነጎድጓድ ሳትሰማ» ቤት ለመምታት ሲፈለግ የመጣ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ነገር ነገረን፤ እናትየዋ ከሰማዩ የቀደመችው ተራራውን ስላየች ነው። ጥሩ ቤት ገጣሚው ያላሰበውን ያመጣለታል። መጥፎው ቤት ደግሞ «እኮ»ን፣ «እንጂ»ን፣ «ነውና»ን ያመጣል፤ ልክ ለመሙላት የገቡ ቃላት ካሉ በእርሳስ ይከበቡ፣ ከ4 ስንኝ ውስጥ 3 ከተገኙ ግጥሙ እንደገና ይጀመር።

በግሥ ማለቅ ራሱ ወንጀል አይደለም። ይህ በሰንጎ መገን ነው፦

ከአፋፉ ሆኜ መንደሬን ሳየው፣
የናቴን ጎጆ ጭስ ነው የለየው።

ሁለቱም ግሥ ናቸው፤ ግን የሚመታው የተቀጠለው «ው» ብቻ ሳይሆን ከሥረ ግሡ ያለችው «የ»ም ናት። ስለዚህ ይቆማል።

ማንነት የሚለው ነገር ሲመጣ ወሎ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ መፈክር። «ክርስቲያን ሙስሊሙ ተዋዶ ተፋቅሮ» የሚለው ስንኝ እውነት ነው፣ ግን ማንንም አያስቆምም። በአንድ ሠርግ ለሁለቱም እምነት ተለይቶ የታረደ ሥጋ፣ የአባትና የልጅ ስም ከሁለት ሃይማኖት መምጣቱ፣ አንዱ ጋራ ላይ ታቦትም ወልይም መኖሩ፤ ይህን የቆጠረ ልጅ «ተዋዶ» ማለት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ወጥመድ ድርቅ ነው። የ1965/66ቱም ሆነ የ1977ቱ ረሀብ የወሎን ስም በዓለም ያስጠራ ስለሆነ ወጣቱ ወይ ፈጽሞ ይሸሸዋል ወይ ሌላ ሰው ባየበት ዓይን ይገጥመዋል። ቤት ውስጥ ያለፈበት ሰው ካለ፣ እርሱ ራሱ ከጀመረው ብቻ፣ ምን እንደበሉና በየትኛው መንገድ እንደወረዱ ይሰማ፤ ካልጀመረው ይተው።

ብዙዎቹ ወጣቶች ወንድም ወይም እህት ዓረብ አገር አላቸው። ለዚያ ዘመድ ከሰበሰቧቸው 10 ስሞች 3ቱን በድምፅ መልእክት ልከው «ይህን ስትሰሚ መጀመሪያ ምን መጣብሽ?» ብለው ይጠይቁ። ምላሹ ብዙ ጊዜ ሙሉ ስንኝ ነው። የመጣው ቃል የእርሷ ስለሆነ በግጥሙ ውስጥ እንዲገባ ትጠየቅ፤ ስሟም ያለ ፈቃዷ አይጻፍ።

ከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ፣ ሾንኬ አርጎብኛ፣ ዋግ ኽምጣና የሚናገር ልጅ በቋንቋው ይግጠም፤ በአማርኛ ትርጉሙን በቃሉ ይናገር። 6 እና 6ን በግድ ማጫን ሁለቱንም ግጥም ይገድላል።

መድረኩ ላይ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ይብቃው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ አገር ስም ስለያዙ ማሲንቆ ተጫዋች መጋበዝ ሁሉም ያስባል፤ መልካም ነው። ግን ግጥሙ መጀመሪያ ያለ ዜማ ይነበብ። ዜማ ቀለም ስለሚያስረዝም የጎደለውን ልክ ይሸፍናል፤ ልጁ ስሕተቱን ሳያውቅ በጭብጨባ ይሸኛል። ደረቁን ተነቦ የቆመ ግጥም ብቻ ወደ ማሲንቆው ይሂድ። ለሴቶቹ ልጆች ከነሐሴ 16 ጀምሮ ያለው ሰሞን የራሳቸው መድረክ ነው፤ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። አዲስ ስንኝ ጨፋሪዎቹ ከተቀበሉት በሁለተኛው ቀን ሌላ ቡድን ሲለው ትሰማላችሁ፤ ካልተቀበሉት ደግሞ ማንም ሳይነግራችሁ ይጠፋል።

ለማሳተም 2 ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ 8 ገጽ ይወጣዋል። ስንኙ መሐሉ ላይ እንዳይሰበር ፊደሉ 11 ወይም 12 ይሁን። በዩኒኮድ ይጻፍ፤ በአሮጌው ፓወር ግእዝ የተጻፈ ወደ ስልክ ሲላክ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር የቦታዎቹ ስም ከነምንነታቸው በአንድ መስመር ይጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ስሙን ለነገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት ልጁ ራሱ ሄዶ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ የሚያርሙትንም በእርሳስ ይዞ ይመለሳል።